ኅዳግ የሌለው ደብዳቤ

የጉባኤው አጋማሽ በደረሰ ቁጥር ደብዳቤ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይዛነፍ መጥቷል። ይጽፉት የነበሩት ሰፈሩን በክልሉ ምክር ቤት የሚወክሉት፣ ሰው ሁሉ «መምህር» የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከመመረጣቸው በፊት ግማሹን ሰፈር ፊደል አስቆጥረዋል። ደብዳቤውን የሚያነበው ደግሞ ልብስ ሰፊው ነበር። ለምን እሱ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ምናልባት ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያለው እሱ ሱቅ ውስጥ ብቻ ስለነበረ ይሆናል።

የመምህር ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር፤ በታይፕ የተመታ፣ ግራና ቀኙ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ኅዳግ ያለው። መጥፎው ወሬ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። «የቧንቧውን ጉዳይ ዘንድሮም አላስጨረስኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ልቡ አርፎ ቀሪውን ይሰማል። ኅዳጉ ደግሞ የሰፈሩ ነው። ሰፊው አንብቦ ሲጨርስ ሰው በየተራ ይናገራል፤ እሱም እርሳሱን ቀርጾ የእያንዳንዱን ቃል በኅዳጉ ላይ በደቃቁ ይጽፋል። በማግስቱ ያው ወረቀት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ወደ መምህር ይመለሳል።

አንድ ዓመት ካንዴላ የሚሉት መካኒክ ተነሣና፣ «ጻፍልኝ እስቲ፤ በሬዲዮ ያደረጉት ንግግር እንቅልፍ አስወስዶኝ የሰው ሞተር አበላሸሁ በልልኝ» አለ። ሰፊው እያፈረም ቢሆን ጻፈው። በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ለካንዴላ፦ አሳጥሬያለሁ» የሚል መስመር ተገኘ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ካንዴላ ያቺን መስመር በመቀስ አስቆርጦ ኪስ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

መምህር ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በቦታቸው የተመረጠችው የሰፈሩ ጡረተኛ ነርስ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ሰውም ወዷት ነው የመረጣት። የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ዘንድሮ በየቤቱ አንድ አንድ ቅጂ ሆኖ ታደለ፦ አራት ገጽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር በፎቶና በጽሑፍ ጢም ያለ።

«ይሄ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው እንዴ?» አለ ካንዴላ አግዳሚው ላይ እየተመቻቸ።

«የተመራጫችን ደብዳቤ ነው» አለው ሰፊው።

«ታዲያ የት ላይ ልንጽፍ ነው? ግንባሯ ላይ?»

ጎረቤት ሸቀጥ የምትሸጠው ባለሱቋ ትከሻዋን ሰበቀች። «ተዉት ባካችሁ። መልስ ብትፈልግ ቦታ በተወችልን ነበር።»

ሰፊው የመጀመሪያውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አዲስ የክትባት ክፍል፣ የተጠገነ መንገድ፣ ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር። መጥፎ ወሬ የለም። ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ላይ ይሆን ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልምዱ ይህንኑ ነገረው። ስለዚህ እዚያው ላይ አቆመ፤ ሰውም ተበተነ። ካንዴላ በራሱ ቅጂ ግሪስ የነካው የመኪና ኩሽኔታ ጠቀለለበት።

የሰፊው ታላቅ እህት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖራለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በመጀመሪያው አውቶቡስ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። የማሽን ተራዋ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁለተኛው አውቶቡስ የሚነሣው አምስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ለእሷ አይደርስላትም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ ወደ አልጋዋ አልሄደችም። የስፌት ማሽኑ አጠገብ ቆመች።

«አንተ፣ ይሄን ደብዳቤ ለሰው አነበብክ?»

«አነበብኩ፣ እትዬ።»

«ሙሉውን?»

«የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ።»

«አራት ሰዓት ሙሉ ተጋድሜ ምን ልሥራ? ነጥብ ሳልዘል ነው ያነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ፣ ከፎቶው ሥር። እየው።»

ጽሑፉ ደቃቅ ነበር። ተሳፋሪ ያነሰባቸው የጠዋት መስመሮች ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲታጠፉ ቀርቧል፤ አስተያየት ያላችሁ እስከ ዓርብ በጽሑፍ አድርሱን ይላል። ከተዘረዘሩት መስመሮች መካከል የእነሱ ሰባተኛው ነው።

ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። «እኔ እኮ... መጥፎ ከሆነ መጀመሪያ ላይ...»

«መምህር ሞተዋል፣ ወንድሜ» አለችው። ምንም ቁጣ አልነበረበትም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ረቡዕ ሱቁን ሳይከፍት በየደጁ ዞረ። በሰው ደጅ ቆሞ መናገር ሞቱ ነው፤ ቢሆንም አንኳኳ፣ «አሳስቼአችኋለሁ፣ አምልጦኝ ነው» እያለ ጠራቸው። ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ሞላ፤ ቦታ ያጣም በር ላይ ቆመ። ሰፊው የልብስ ንድፍ ከሚያወጣበት ቡናማ ጥቅል ወረቀት ቁመቱን የሚያህል ቆረጠ፤ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና ሦስተኛውን ገጽ መሀሉ ላይ በሙጫ ለጠፈ። በአራቱም በኩል አንድ ክንድ ባዶ ኅዳግ ተረፈ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ባለሱቋ። «የእኔን ጻፍ። ዕቃ የማመጣው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው፤ እሱ ከቀረ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ተመራጯ ቤት ነው የምቀመጠው።»

«የእኔንም» አለ ካንዴላ። «ያንን አውቶቡስ ስምንት ጊዜ ከሞት አስነሥቼዋለሁ። ሳላውቅ ማንም አይቀብረውም በልልኝ።»

«ቀብር የሚለውን ልተወው?»

«ኧረ አስምርበት!»

ሰፊው ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ፣ የእርሳሱ ሽታና ያ ሁሉ ጫጫታ ዓመታቱን ጠቅልሎ አመጣበት። መምህር ይህን ሁሉ እርሳስ በመነጽራቸው ላይ አጉሊ መነጽር ጨምረው እንደሚያነቡት ይናገሩ ነበር። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ሰው እንዳያይበት እርሳሱን ለመቅረጽ ዞር አለ።

መጨረሻ ላይ እህቱን፣ «ያንቺስ ምን ይሁን?» አላት።

ትንሽ አሰበች። «ወንበሬ ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ነው በል። ካልደረስኩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ካላየኝ አይሄድም። ይህን ጻፍ።»

ጻፈው። ያን ጊዜ የቀለደ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ተጠቅልሎ በሾፌሩ እጅ ሄደ። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የሰፊው ስልክ ጠራ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች ተመራጯ። «ጠረጴዛ አልበቃው ብሎ ወለል ላይ ዘርግተን ተንበርክከን ነው ያነበብነው።»

«ይቅርታ ልጄ፣ ወረቀቱን አበዛሁት መሰለኝ።»

«ኧረ ይተዉ ጋሼ። እኔ እኮ ዝም ስትሉ የተስማማችሁ መስሎኝ ነበር።»

«እኛ ደግሞ መልስ የማትፈልጊ መስሎን።»

እሷ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «የትራንስፖርት ኮሚቴው ፊት ይዤው ገባሁ። ያገኘሁት ስድስት ወር ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ተሳፋሪ ይቆጠራል። በቀን ከሃያ ሰው በታች ከሆነ ይታጠፋል፤ ከዚያ በላይ ልዋሽዎት አልችልም።»

ቅዳሜ ጠዋት ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ባለሱቋ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይዛለች። ካንዴላ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሮጌ ካርቡሬተር እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«አንተ ደግሞ ወዴት?» አሉት።

«ይሄ ከተወለደ ከተማ አይቶ አያውቅም፤ ላሳየው ነው።»

ሾፌሩ በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያየ በከንፈሩ ይቆጥራል። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተሳፈረ።

«ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አለችው እህቱ።

«ማንም። ዛሬ ቁጥር ነኝ።»

ከመምህር ቀብር ወዲህ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት የምትወስደው እሷ ነበረች፤ በዚሁ መንገድ በእግራቸው፣ እጁን ጭብጥ አድርጋ፣ «ቶሎ በል፣ መምህር በር ይዘጋሉ» እያለች እየጎተተችው። አሁን እጇ ላይ የመርፌው ቦታ አብጧል፤ ሲያየው እጅጌዋን ሳብ አደረገች።

«ና፣ መስኮቱ ጋ ግባ» አለችው ጉልበቷን እያዞረችለት። «እኔ መንገዱን ጠግቤዋለሁ።»