አንድ ጃንጥላ ጎደለ

1.

«እቃወማለሁ!»

ወንበሩ ሁሉ ዞረ። አቶ ይርሳው በአሥራ ሁለት ዓመት የምክር ቤት ዘመናቸው ከማዛጋት በቀር አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

2.

አገሪቱ የት ናት አትበሉኝ፤ ካርታ አልሠራም። ይህን ብቻ ያዙ፦ ለፕሬዚዳንትነት ጃንጥላና ግራር ተወዳደሩ፤ የምርጫ ምልክታቸው ነው። ግራር አሸነፈ። ዛሬ ምክር ቤቱ ውጤቱን ያጸድቃል። አንድ አባል ተቃውሞውን በፊርማ ካጸና ግን ሁሉም ነገር ሠላሳ ቀን ይቆማል፤ ደጅ ከበሮ ይዘው የቆሙት ግራሮችም ጭምር።

3. የተቃውሞ ቅጽ

ተቃዋሚ፦ ይርሳው ፈንቴ
የምርጫ ጣቢያ፦ 14
ምክንያት፦ ሰፈሬ ሁሉ ግራር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጣቢያው ለጃንጥላ አንድ ድምፅ ብቻ ቆጥሯል። እኔና ባለቤቴ ሁለት ነን።
ምስክር፦ ባለቤቴ

4. ከቃለ ጉባኤው

አፈ ጉባኤ፦ የተከበሩ አቶ ይርሳው፣ ድምፅ ምስጢር አይደለም እንዴ?
ይርሳው፦ ከእኔ? በአርባ ዓመት ትዳር?
(ሳቅ።)
አንድ አባል፦ ጌታው፣ ባለቤትዎ እርስዎ ፊት ጃንጥላ፣ መጋረጃው ውስጥ ግራር ቢሆኑስ?
(ብዙ ሳቅ።)
ይርሳው፦ የሚስቴ የዘርፌ ቃል ከጣቢያው ማኅተም ይበልጣል! ትጠራ!

5.

እናንተ ግን አትሳቁ። ሰውዬው ለአገር አይደለም የሰጉት። ድምፁ ካልተሰረቀ የዋሸቻቸው ዘርፌ ናት ማለት ነው። «አንድ ሌባ ተገኝቶ በተገላገልኩ!» ይላል ልባቸው።

6. አሁንም ከቃለ ጉባኤው

ዘርፌ፦ ጃንጥላ ነው የመረጥኩት። ማንን ፈርቼ!
ይርሳው፦ ሰማችሁ?
ዘርፌ፦ ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰው። እኛ ቤት ስንት መነጽር አለ?
ይርሳው፦ አንድ።
ዘርፌ፦ የምርጫው ዕለት ማን ጋ ነበር?

7.

አቶ ይርሳው የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ።

8.

መነጽሩ ያን ዕለት በወይዘሮ ዘርፌ ቦርሳ ውስጥ ነበር። «እንካ» ቢሏቸው፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየ፣ «ዕውር መሰልኩሽ?» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ።

ጃንጥላ፦ ከላይ የተንጣለለ፣ ከታች አንድ እግር።
ግራር፦ ከላይ የተንጣለለ፣ ከታች አንድ እግር።

አቶ ይርሳው አዳራሹ መሃል ሳቁ። መጀመሪያ በትከሻቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው፣ በመጨረሻ በእንባቸው።

ዘርፌ አልዋሸችም!

ተሸንፎ እንዲህ የፈነደቀ ጃንጥላ እኔ አላየሁም።

9.

አፈ ጉባኤዋ ቅጹን መለሱላቸው። «አንብበው ይወስኑ።»

ወይዘሮ ዘርፌ መነጽሩን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ዘረጉ።

«እንካ።»

አቶ ይርሳው አዳራሹን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ደጅ ከበሮው ተነካካ። መነጽሩን ተቀብለው አፍንጫቸው ላይ ሰኩ፤ እስክሪብቶ አነሱ።

10. የቅጹ መጨረሻ

ተቃውሞዬን
☐ አጸናለሁ
☑ አነሳለሁ

(ከበሮ።)