የሌለው ደረጃ

...ደረጃ አለች እንጂ፣ ሌላ ስንት ነገር ማለት ስትችል፣ በር መታኝ ማለት ስትችል፣ መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ ማለት ስትችል፣ ደረጃ፣ ያን ቀን የክሊኒኩን ደረጃ ወጥታ ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም ነበርና አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው፣ ቤታችን ደረጃ ላይ ወድቄ። ዶክተሯ የመንጋጋዋን የራጅ ፎቶ መብራት ላይ አድርጋ እያየች፣ እዚህ ጋ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ አጥንት አለ፣ ምን ሆነው ነው ስትላት። እሺ አለች ዶክተሯ። ሌላ አልጠየቀችም፣ ዓይኗ ግን ከፎቶው ተነስቶ እሷ ላይ ትንሽ ቆየ፣ እና ቤት ስትደርስ፣ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካች ነው የገባት፣ የትኛው ደረጃ፣ የኛ ቤት እኮ ከበሩ እስከ ጓዳው ውሃ ቢፈስበት የት ልሂድ የሚል ሜዳ ነው፣ ወይ አለመታደል፣ ውሸት እንኳ አያምርብኝ።

አሁን ወንበሩ ተለጥጦ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ መብራቱ ዓይኗ ውስጥ ነው፣ ከንፈሯ ደንዝዞ የሌላ ሰው ሆኗል፣ ዶክተሯ የቀሩትን ጥርሶች አንድ በአንድ እየነቀለች የብረት ሳህን ላይ ትጥላለች፣ ቀጭ፣ ሌላው ቀጭ፣ አያምም፣ ድምፁ ነው ሆድ የሚያባባው፣ እነዚህ እኮ ከባሏ እጅ የተረፉት ናቸው፣ ምን አጠፉ፣ ግን ሁሉም ተነቃንቀዋል፣ ድዱም አልቋል፣ አንዱን ትቶ አንዱን ማዳን አይቻልም ተብላለች፣ ሁሉም ወጥቶ አጥንቱ ውስጥ ብሎን ይገባል፣ ብሎኑ ላይ ሙሉ ጥርስ ይታሰራል፣ ላይም ታችም። ብሎን። ሰው ነኝ መደርደሪያ።

የፊተኞቹ ሁለቱ የሄዱት በተጋቡ በዓመታቸው ነው፣ ሸሚዙ አንገት ላይ ካውያው ያልደረሰበት ሽብሽብ ተገኝቶ፣ ለሽብሽብ፣ ከዚያ ደግሞ ተንበርክኮ አልጋ ሥር ድረስ ገብቶ ጥርሷን የፈለገው ራሱ ነው፣ አግኝቶ በውሃ አለቅልቆ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠላት፣ መልሰው ይተክሉልሻል እያለ አለቀሰ፣ እሷም አባበለችው፣ አፏ ደም እየተፋ እሱን እሽሩሩ። መንጋጋው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ሐኪም ጋ አልሄደችም፣ ሰው ይሰማል፣ ገመና ነው፣ በሻርፕ ታስራ ከረመች፣ ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጆሮ ደግፍ ነው ተባለ፣ ለእናቱ ጆሮ ደግፍ፣ ለጎረቤት ጆሮ ደግፍ፣ ሰበብ ላይ ጎበዝ ነች፣ እሱ ይመታል እሷ ሰበብ ትፈልጋለች፣ እንዲህ ተጋግዘው ነው ቤታቸው የቆመው።

አሁን ይነዝራል ትንሽ ይታገሱኝ፣ ትላለች ዶክተሯ፣ መሰርሰሪያው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እስከ ራስ ቅሏ ይንቀጠቀጣል፣ መታገስ፣ ለማን ነው የምትነግሪው እህቴ፣ በመታገስ እኮ ዲግሪ አለኝ። ስታስተምር አፏን በጠመኔ እጇ ትሸፍናለች፣ አንደኛ ክፍል ነው፣ ፈ ስትል ነፋስ ብቻ ይወጣል፣ ልጆቹም የወተት ጥርሳቸው የሚወልቅበት ዕድሜ ነውና ግማሹ ክፍል እንደሷ ነፋስ ነው፣ አንዷ የፊት ጥርሷ የወለቀ ጉደኛ አንድ ቀን ቀሚሷን ጎተተቻትና፣ ቲቸር የአንቺም ይበቅላል? አለቻት። ይበቅላል። መቼ? አንዴ ቁጭ በይ፣ ተራሽ አይደለም። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ነው ክፍለ ጊዜውን የጨረሰችው ያን ዕለት።

እና ይኸው በቀለልሽ፣ ባልሽ ከፍሎ አበቀለልሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ። ዕድገት አግኝቷል፣ አለቆቹን ከነሚስቶቻቸው ቤት ይጋብዛል፣ ባለፈው አንዷ የሷን አፍ እያየች ምግቡን ረሳችው፣ እንግዶቹ እንደሄዱ ፈርታ ማእድ ቤት ቆማ ነበር፣ አልመታትም፣ እጇን ይዞ፣ ጥርስሽን ላሠራልሽ ነው፣ ከእንግዲህ እጄ ይቆረጥ አለ። ከልቡ ነው። ያኔም ከልቡ ነበር። አሁን ውጪ ተራ መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብሎ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ስለሷ ሲያወራ ድምፁ ይሰማታል፣ ሰው ፊት ሲሆን ምላሱ ማር ነው። እትዬ ግን ማር አይሸነግላትም፣ ታላቅ እህት አይደለች፣ ትናንት ደውላ፣ አንቺ ሞኝ፣ ጥርሱን አስተክለሽ ወዴት ነው የምትመለሺው፣ ጣጣው ያለው አፍሽ ጋ ነው ወይስ እጁ ጋ? ተለውጧል እትዬ። እሺ፣ ይለወጥ፣ የጓዳው አልጋ ተነጥፏል፣ ነገ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዘጋችው። ለእትዬ እንኳ መንጋጋውን አልነገረቻትም።

ልንገራት እንዴ ለዚህች። መርፌና ክሩ ድዷ ውስጥ ሲመላለስ ነው ይህ የመጣባት፣ ልጅ ነች ዶክተሯ፣ እጇ አይቸኩልም፣ እንዲህ ቀስ ብሎ ፊቷን የነካት ሰው መቼ ነበር፣ ሲያልቅ እነግራታለሁ፣ እንዲያው እንደ ቀልድ፣ ያ ደረጃ እኮ ውሸቴን ነው፣ ብዬ። ግን አለቀና አፏ የለም። ምላሷ እንጨት ነው፣ በሁለት ወገን የደም መምጠጫ ጎዝ ተጎስጉሷል፣ መስታወት ሲሰጧት አንዲት የምታምር ሴት ታያለች፣ ጊዜያዊ ነው ይላሉ፣ ነጭ፣ ሙሉ፣ ምንም ነገር ደርሶባት የማያውቅ ሴት። ማን አምኖ ይሰማኛል ከእንግዲህ በዚህ ጥርስ።

ቤተሰብ ይግባ፣ ይላሉ፣ ይገባል። ኮቱን አስተካክሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዶክተር እጅዎ ይባረክ፣ ሙሽራ አደረጓት እኮ። ዶክተሯ ትነግረዋለች፣ ሾርባ፣ የላመ ነገር፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ፣ አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ወራት ይፈልጋል፣ እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይመታው፣ ከተመታ ብሎኑ ከነአጥንቱ ሊነሳ ይችላል። እንዴ ማን ይመታታል ዶክተር፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዛት፣ ይላል፣ ይስቃል። አይ፣ ደረጃውን ብዬ ነው፣ ትላለች፣ በፊትም እዚያ ወድቀው ነው መንጋጋቸው የተሰበረው ብለውኛል፣ የቤታችሁን ደረጃ ለጊዜው ብቻቸውን ባይወጡ። የምን ደረጃ? ይላል። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነው። ሜዳ ቤት ነው ያለን፣ የምን ደረጃ ነው።

ወደሷ ዞሮ ያያታል።

የትምህርት ቤቱ፣ በይ እንጂ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ፣ ተሳስቼ ነው በይ፣ ቶሎ በይ፣ ሁልጊዜ የምትቀድሚው አንቺ አይደለሽ፣ እሱም እየጠበቀ ነው፣ ዓይኑን አጥብቦ ሰበቡን እየጠበቀ ነው፣ አፏን ትከፍታለች፣ ከጎዙ ሥር ኧ የሚል ነገርና ደም የነካው ምራቅ ይወጣል፣ ሌላ የለም። እና ሳይወጣላት ሲቀር፣ ይገርማል፣ ሸክም ከትከሻዋ የወረደ ያህል ነው የተሰማት፣ አልቻልኩማ፣ ምን ላድርግህ፣ ዛሬ አፍ የለኝም፣ ዛሬ ራስህ ተናገር። ኮቱን እንደገና ያስተካክላል። ዶክተሯ ወደሷ ሳታይ፣ እርስዎ አንዴ ውጪ ይጠብቁን፣ ስፌቱን ልየው፣ ትለዋለች። የሚስቱን ትከሻ ይነካል፣ ጣቱ ትንሽ ጠበቅ ይላል፣ ቤት እናወራለን፣ ይላል፣ ይወጣል።

ዶክተሯ ስፌቱን አታይም። ጓንቷን አውልቃ በርጩማውን ስባ ትቀመጣለች፣ እርስዎ የሚለውም ቀርቷል፣ እህቴ፣ መናገር አይጠበቅብሽም፣ ራስሽን ብቻ ወዝውዢ፣ ቤት ደረጃ አለ? እንግዲህ ይኸው ነው፣ አንድ መወዝወዝ፣ ይሄን ካልኩ ያ ሁሉ ጆሮ ደግፍ፣ ያ ሁሉ ሻርፕ ሜዳ ላይ ሊወጣ ነው፣ እናቱ ጉድ አወጣችን ሊሉ ነው፣ እሱ ሊያለቅስ ነው፣ ደግሞ ማን ያባብለው፣ ካላልኩ ግን ሾርባዬን ጠጥቼ ሽብሽብ የሌለው ሸሚዝ ልተኩስ፣ እስከ መቼ፣ አጥንቱ እስኪይዝ፣ ከዚያስ። ቲቸር የአንቺም ይበቅላል? ራሷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ታወዛውዛለች። የለም። ደረጃ የለም።

የምንጠራልሽ ሰው አለ? ስልኳን አውጥታ የእትዬን ቁጥር ትነካለች፣ ይጠራል፣ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የጫማው ጥላ ይታያል፣ አልሄደም፣ እዚያው ነው። ሄሎ፣ ትላለች እትዬ፣ ሄሎ፣ ማነው? አፏ አይታዘዝም፣ ትተነፍሳለች ብቻ። እትዬ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ከዚያ፣ አንቺ ነሽ፣ ገባኝ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ነሽ? መጣሁ፣ ከዚያ እንዳትነሺ። ጥላው ከበሩ ሥር ይንቀሳቀሳል፣ እጀታው ሲነካ ይሰማል፣ ዶክተሯ ተነስታ በሩን በጀርባዋ ትደግፋለች። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነው፣ መብራቱ ዓይኗ ውስጥ ነው፣ አትነሳም።