አራት ወንበር

ሾልኬ የሚሉት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ብስክሌት በማያልፍበት አውቶቡስ ያሳልፋል፣ የመኪና ማቆሚያ ጠፋ በተባለበት ሰፈር አንዴ ዞር ብሎ ቦታ ያገኛል። እሱም ይኮራበታል። እኔን ከጠየቃችሁ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው በሚኮራበት ነገር ነው፤ በማያውቀውማ ይጠነቀቃል።

በአንድ የዕረፍት ቀን ሚስቱን፣ የሰባት ዓመት ልጁንና እናቱን ጭኖ ወደ ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ ሄደ። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ዓይኗም ጉልበቷም ደክሟል፣ ስኳርም አለባት። ምሳ ከመብላቷ በፊት መርፌዋን ትወጋለች፤ አንዴ ከተወጋች ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እህል ካፏ መግባት አለበት። ይህን በቤቱ የማያውቅ የለም። ትንሿ ልጅ እንኳ "አያቴ ወግታለች፣ ሳህን አቅርቡ" እያለች ነው ያደገችው።

መኪናው ሲቆም ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። እናቱ ሰው ፊት ሆዷን ገልጣ መወጋት ስለምታፍር መርፌዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ያዘች።

"አንተ፣ እዚሁ ልውጋው ወይስ ልቆይ?"

"ውጊው እማዬ። ባስር ደቂቃ ውስጥ ተቀምጠን እንበላለን።"

ሚስቱ ከኋላ ሆና "መጀመሪያ ቦታ ይገኝ እንጂ" አለች።

"ቦታ? ለእኔ?" ብሎ ሳቀ። "አንቺ ደግሞ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ወጋች።

በሩ ላይ ተሰለፉ። ጥበቃው ቅርጫታቸውን ከፈተና ሩዙን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ ዳቦውን አንድ በአንድ አውጥቶ ከጠረጴዛው ስር ካለ ሣጥን ውስጥ ከተተው። የውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፤ ስትወጡ ትወስዱታላችሁ አላቸው። ሚስቱ "እናታችን ስኳር አለባቸው፣ ዳቦውን እንኳ ተውልን" ብትለው፣ "ሁሉም ስኳር አለብኝ ነው የሚለው እህቴ" አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አንድ ነገር ሲሰማ የሚውል ሰው ጆሮው ይደነድናል። ሚስቱ ልትከራከር አፏን ስትከፍት ሾልኬ ክንዷን ሳብ አደረጋት።

"ተይው፣ ውስጥ ምግብ ሞልቷል።"

ምግቡስ ሞልቶ ነበር። የጠፋው መቀመጫ ነው።

መመገቢያው ሰፊ ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ የብረት ጠረጴዛ ተደርድሯል፣ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር ተበይደዋል። መርፌ መጣያ የለም። ከሚበላው ሰው ጀርባ የሚጠብቅ ቆሟል፣ ከእሱም ጀርባ ሌላ። የሚጠብቀው የሚያየው የሚበላውን ሰው ጉሮሮ ነው፤ ስንት ጉርሻ እንደቀረው ይቆጥርበታል። ከጣሪያው በላይ ደግሞ ሰው የጫነ ባለ ሐዲድ መጫወቻ በየሦስት ደቂቃው እየተወረወረ ያልፋል። ሲያልፍ የተሳፈሩት ሁሉ ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ከታች ያለው ሕዝብ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ልጅቱ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጣ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች፣ ሁለተኛውን ጊዜ ግን እሷም ለመደችው።

ሾልኬ በጠረጴዛዎቹ መሀል ይሽሎከለካል። "ልትነሱ ነው?" "አይ፣ አሁን መቀመጣችን ነው።" "እዚህ ጋ ሰው አለ?" "አዎ፣ ይመጣል።" ባዶ ወንበር ላይ ጃኬት፣ ባዶ ወንበር ላይ የሕፃን ጫማ። ሁሉም ሾልኬ ሆኗል።

"እስቲ ጭማቂ እንኳ ገዝተን እማማን እናቅምሳቸው" አለች ሚስቱ።

"እየሄድኩ አልጠጣም" አለች እናቱ። "ከብት ነኝ እንዴ?"

የቤቱ ሕግ የእሷ ነው። በዚያ ቤት ቆሞ አይበላም፤ ሁሉም ሳይሰበሰብ አይቀመስም። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ስታሳድገው፣ የሚበሉት በልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጨርቁን ጥቅልል አድርጋ ትገፋና ምሳውን ከድና ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ኳስ ሲጫወት አምሽቶ ቢመጣ ወጡ ረግቶ፣ እሷም ጾሟን ቁጭ ብላ አገኛት። አልተቆጣችውም። "እጅህን ታጠብ" ብቻ አለችው፤ ያ ነገር ከዱላ ይልቅ አሞታል።

ከተወጋች ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ሲል አራት ወንበር ያለው አንድ ጠረጴዛ ተለቀቀ። ሕፃን ትከሻው ላይ ያስተኛ ሰው ከጎኑ ቆሞ ኖሯል፤ የሚነሱትን እንዲያልፉ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለላቸው። ሾልኬ በዚያች እርምጃ ገባ።

"ወንድሜ፣ እኛ እኮ ስንጠብቅ ነው የቆየነው" አለው ሰውየው።

"ቀድሜ ተቀመጥኩ" አለ ሾልኬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች። ሰውየው ሕፃኑን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ሄደ።

ሾልኬ ቦታ እንዳይቀማ መላ አለው። አውቶቡስ ሊያቆም ሲል ረዳቱን አውርዶ ክፍት ቦታው ላይ ያቆመዋል፤ ሰው የቆመበትን ማንም ደፍሮ አይነዳበትም። አሁንም እናቱን አንዱ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ በሌሎቹ ላይ ጃኬቱን፣ ቦርሳዋንና የልጅቱን ኮፍያ ዘረጋ።

"እማዬ፣ ማንም ቢመጣ እንዳትነሺ። ተይዟል፣ ልጄ ይመጣል በይ።"

"ሂድ። እኔ ቁጭ ብዬ ማን ይነካዋል?"

ኮፍያውን ስታስተካክል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቶታል። እርጅና ነው አለ በልቡ።

ልጅቱ ሽንቷ መጥቶ እግሯን እያጠላለፈች ነው። ሚስቱ አንዴ ልጅቱን አንዴ አማቷን አየች። "ጭማቂውን ብቻ ይዘህ ቶሎ ተመለስ፤ ምግቡ ይደርሳል" አለችው፤ እየጎተተቻት ሄደች። የሴቶቹ ሽንት ቤት ሰልፍ እስከ መንገዱ ወጥቶ ይታያል።

ጭማቂውም፣ ዶሮውም፣ ሩዙም የሚሸጠው ባንድ መስኮት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። ሾልኬ ከመጨረሻው ጫፍ ሆኖ ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት ሰው። ከዚያ እንደ ልማዱ በጎን ወደፊት ገፋ አለ።

"ይቅርታ፣ እናቴ ታማለች፣ አንድ ጭማቂ ብቻ ላንሳላት።"

"ሁላችንም እናት አለን" አለች አንዲት ወይዘሮ ሳትዞር። ሌላው ዝም ብሎ ሊያሳልፈው ፈቀቅ ሲል ግን ከፊት አንድ ሰው ዘወር አለ። ትከሻው ላይ ሕፃን ተኝቷል።

"ይሄ ሰውዬ አሁን ቦታ የቀማኝ ነው" አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "የእናቱን ነገር አላነሳልኝም።"

ሰልፉ ሁሉ ሾልኬን አየው። ፈቀቅ ያለው ሰው ወደ ቦታው ተመለሰ። እውነቱን መናገር ነበረበት፤ መርፌ ወግታለች፣ ደቂቃ አላት፣ እባካችሁ ብሎ እግራቸው ሥር መውደቅ ነበረበት። እፍረት ያዘው። በአደባባይ ለምኖ ከሚከለከል መጠበቅን መረጠ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከኋላ ተሰለፈ። አይ ሰው።

በሰው ጭንቅላት መሀል የእናቱ ነጭ ሻሽ ይታየዋል። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሳህን የያዙ ባልና ሚስት መጡ፤ ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ ሄዱ። ደስ አለው። ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ወጣቶች መጡ፤ እጇን አወናጨፈች፤ ሄዱ። መጫወቻው ከላይ አለፈ፣ ሰዎቹ ጮኹ።

እንደገና ሲያይ እናቱ አሁንም እጇን እያወናጨፈች ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ግን ማንም አልነበረም።

ዝንብ ይሆናል አለ። ከፊቱ አምስት ሰው ቀርቷል። አሁን ትቶ ቢሄድ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ቆመ። አራት ሰው። ሦስት። መስኮቱ ጋ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በኪሱ ሲፈልግ ሾልኬ ጥርሱን ነከሰ።

በመጨረሻ ሳህኖቹንና ጭማቂዎቹን በትልቅ ትሪ ተሸክሞ ሲመለስ ከተወጋች ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ሰው እየገፋ፣ ጭማቂው እየፈሰሰ ደረሰ።

እናቱ ሁለት ክንዶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተደግፋለች። ሻሿ በላብ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ትሪውን ሊያስቀምጥ ሲል በክንዷ ገፋችው።

"ተይዟል" አለች። ምላሷ ተሳስሯል። "ልጄ ይመጣል።"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"ሌላ ቦታ ፈልግ ወንድሜ።"

ከጎን ጠረጴዛ የተቀመጠች ሴት ብድግ አለች። "የእርስዎ እናት ናቸው? ብቻቸውን ሲያወሩ ቆዩ። ጭማቂዬን ብሰጣቸው ልጄ ሳይመጣ አልቀምስም አሉኝ። ሐኪም ይኖር ይሆን ብዬ ልነሳ ስል ነው የመጡት።"

"ጥሪልኝ እህቴ። ስኳር ነው። ሩጪልኝ።"

ሴትየዋ ሮጠች። ሾልኬ ተንበርክኮ ብርጭቆውን ከእናቱ ከንፈር አስጠጋ። ጥርሷን ገጥማ ፊቷን አዞረች። አገጯን ያዘ፤ በዚያ ሁሉ ድካሟ እጁን መታችው። "ልጄ ሳይመጣ" አለች በጥርሷ መሀል። አለቀሰ። እስከዛሬ ሲያለቅስ ማንም አይቶት አያውቅም።

ሚስቱ ልጅቱን ይዛ የደረሰችው ይሄኔ ነው። አንዴ አየችና ሁሉም ገባት፤ ልጅቱን ወደ ቀሚሷ አዙራ ዓይኗን ሸፈነች።

"ሂድና እንደገና ና" አለችው። "ከሥራ እንደምትገባው አድርገህ ና። ቶሎ በል።"

ሞኝ ነገር ይመስላል፤ እሱ ግን ተነሳ። ወደ ሕዝቡ መሀል አሥር እርምጃ ያህል ሄደ፣ ዞረ። ማታ ማታ በር ላይ በሚጣራው ድምፅ "እማዬ፣ መጣሁ፤ ራት አለ?" እያለ ተመለሰ። አላፊ አግዳሚው ያየዋል። እብድ ነው ይበሉ።

እናቱ ራሷን ቀና አደረገች። ደመና የሸፈነው ዓይኗ ፊቱ ላይ ተንከራተተ፣ ከዚያ አረፈ።

"መጣህ?" አለች። "ተቀመጥ፣ ቦታህን ይዤልሃለሁ።"

የዘረጋችውን ክንድ ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበችለት። ተቀመጠ። ብርጭቆውን አነሳ፤ እሷም በፈቃዷ አፏን ከፈተችለት። ጭማቂውን አፈሰሰላት።

በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ወጣ።

"ዋጪው እማዬ" አለ። መዳፉን ከአገጯ ሥር አድርጎ የሚፈሰውን እየተቀበለ "ይኸው መጥቻለሁ፣ ዋጪው" ይላት ነበር።