ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ

"ዳቦ ቤቱን ትንሽ ወደ ግራ ሳበው፤ በሩ ከመብራት ምሰሶው ፊት ለፊት ነበር" አለችው ሚስቱ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

ልብስ ሰፊው በከንፈሩ የያዛቸውን እስፒሎች ሳያወርድ አጉተመተመና ቡናማዋን ቁራጭ ጨርቅ ጣት በማይሞላ ወደ ግራ ገፍቶ ወጋት። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ነጭ አቡጀዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል። የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊዘጋ ሰሞን ከወጡት ጣቃዎች የተረፈ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ኖሮ አሁን የዋናው መንገድ ካርታ ሊሆን ነው።

ነገሩን ያመጣችው የትምህርት ቤቱ መምህርት ናት። "ከፋብሪካው በር እስከ ድልድዩ ሱቅ በሱቅ ነበር ስላቸው ልጆቹ ይስቁብኛል። እስቲ በዓይናቸው ይዩት" ብላ ለመነቻቸው። ሚስቱ ታስታውሳለች፣ እሱ ይሰፋል። ለእያንዳንዱ ሱቅ ስሙ የተጻፈበት አንድ ቁራጭ ጨርቅ፤ ለአንድ ሜትር የሱቅ ፊት ሁለት ጣት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰቀላል።

ሚስቱ ደግሞ የምትረሳው ነገር የለም። ፀጉር አስተካካዩ የፋብሪካውን ሠራተኛ ወንበር ላይ ከማስቀመጡ በፊት የጥጥ ብናኙን በብሩሽ እያራገፈ፣ "ቆይ፣ ይሄ ጥጥ ነው ሽበት?" ይል እንደነበር ነገረችው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ኮት ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ የከተማው ወንድ ሁሉ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ያንኑ ኮት ለብሶ ነው ፎቶ የተነሳው። ኮቱን የሰፋው ልብስ ሰፊው ስለሆነ ይህን ስትል ደስ አለው። ብስክሌት ጠጋኙ፣ ጫማ ሰፊው፣ ዳቦውን የፈረቃ መውጫ ጡሩምባ ሲነፋ የሚያወጣው ጋጋሪ፣ ሁሉም በተራ በተራቸው ጨርቁ ላይ ተቀመጡ። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ ዓመት እንኳን አልቆዩም፤ እንደ ላላ ስፌት ተያይዘው ተተረተሩ።

"ቀጥሎ" አለች ሚስቱ፣ "ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አንቴና።"

የልብስ ሰፊው እጅ ቆመ። አንቴና ሬዲዮ ጠጋኙ ነው፤ ረጅምና ከሲታ ስለነበር ከተማው ያወጣለት ስም ነው። ሱቁ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር።

"በሩ ሰማያዊ ነበር" አለች፣ ድምጿ ለስለስ ብሎ። "ከጠዋቱ ፈረቃ ስንወጣ ትልቁን ሬዲዮ ወደ መንገዱ አዙሮ ይከፍትልን ነበር። መስኮቱ ላይ የሚደረድራቸው ሬዲዮዎች ስድስት ናቸው። አይ፣ ሰባት! አንደኛው አይሠራም፣ ለጌጥ ነው።"

"የኔ ሱቅ መስኮትስ ስንት መስታወት ነበረው?"

"ያንተ ሱቅ መስኮት ነበረው እንዴ?"

"ነበረው" አለ ልብስ ሰፊው። "ሁለት መስታወት።"

"እንግዲህ እሱን አንተ ታውቃለህ" ብላ ልብሷን ልትቀይር ወደ ጓዳ ገባች።

ቆሽቱ አረረ። ሰባት ሬዲዮ ቆጥራ የያዘች ሴት የገዛ ባሏን መስኮት አታውቅም!

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በሽመና ክፍሉ ሁለት መቶ መኪና ባንድ ጊዜ ሲንኳኳ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የክፍሉ ሠራተኞች ያለ ድምፅ፣ በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ መነጋገር ለምደው ነበር። ከመኪና መኪና ይቀልዳሉ፣ ያማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሚስቱ እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንቴናም ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የዚያው ክፍል መካኒክ ስለነበር ይህን ንግግር አሳምሮ ያውቃል። ልብስ ሰፊው አያውቅም። የሥራ ጓደኞቿ ቤት መጥተው እንዲያው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በሳቅ ሲፈርሱ እሱ መሀላቸው እንደ እንግዳ ይቀመጥ ነበር።

ይህስ ባልከፋ። ከመጋባታቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ ዳቦ ልትገዛ ስትሰለፍ ሰልፉ ሁልጊዜ አንቴና መስኮት ፊት ያደርሳታል። እሷ ወደ መስታወቱ ዞራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ልብስ ሰፊው መኪናውን በሩ ላይ አውጥቶ እየሰፋ ፊቷን ያያል፤ ከመስታወቱ ወዲያ የሚመለስላትን መልስ ግን አያይም። አንዴ ስትስቅ አይቷል። አንዴ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አይቷል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነበር። መልሱ እሺ ሆነ፤ ተጋቡ፤ ሦስት ልጅ ወለዱ። በመስታወቱ ምን ትነጋገሩ ነበር ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ብትነግረውስ? የሆዱን በሆዱ ይዞ አርባ ዓመት ኖረ።

አሁን ከጓዳ የውኃ ድምፅ ይሰማል። ልብስ ሰፊው ለራሱ ሱቅ ያዘጋጃትን ግራጫ ቁራጭ አንስቶ ጣላትና ሌላ ሰፋ ያለ ቆረጠ። ከዳቦ ቤቱ ጠርዝ ጋር አጋጥሞ፣ ቀጥ አድርጎ በመኪና ሰፋው። የራሱ ሱቅ ሰፊ ሆነ፣ አማረ። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፤ አለቀ። አንቴና ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማውን ለቆ ሄዷል። ማን ይጠይቃል? ሚስቱ ሳትመለስ ጨርቁን ጠቅልሎ አሰረው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አዳራሹ በር ላይ መምህርቷ ፊቷ በደስታ አብርቶ ተቀበለቻቸው።

"ጋሼ፣ እንግዳም አለን! የድሮ ጎረቤትዎን በስንት ፍለጋ አገኘነው። ልጁ በመኪና ታመጣዋለች።"

"የትኛውን ጎረቤት?"

"ሬዲዮ ጠጋኙን ነዋ!"

ሚስቱ ደስ ብሏት አጨበጨበች። ልብስ ሰፊው ታምሜያለሁ ብሎ ጨርቁን ይዞ መመለስ አማረው፤ ነገር ግን ሁለት አስተማሪዎች ተቀብለውት ግድግዳው ላይ እየሰቀሉት ነበር።

ሰው ጨርቁን ከበበው። የጋጋሪው ልጅ፣ አሁን የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ ቡናማዋን ቁራጭ በእጇ እየዳሰሰች አለቀሰች። ሁለት ጡረተኞች ብስክሌት ጠጋኙ ከጫማ ሰፊው በፊት ነበር፣ በኋላ ነበር እያሉ ሊደባደቡ ደረሱ። ልብስ ሰፊውን ሁሉም ጨበጠው፣ መረቀው። እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

አንቴና ጎብጧል። በልጁ ክንድ ተደግፎ ገባና ማንንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ጨርቁ ሄደ። ጣቱን ፋብሪካው በር ላይ አሳርፎ ጀመረ። ፎቶ ቤት። ፀጉር ቤት። ዳቦ ቤት ሲደርስ ፈገግ አለ፣ ጣቱን አሻገረ፣ ግራጫው ጨርቅ ላይ አረፈ። የተጻፈውን አነበበ። ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለሰ። እንደገና ግራጫው ላይ አረፈ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ እጁን ኪሱ ከተተ።

ዘወር ሲል አዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ የቆመችውን የልብስ ሰፊውን ሚስት አያት። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ያለ ድምፅ። እሷም በከንፈሯ መለሰችለት።

ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ክንዷን ይዞ ወደ መስኮቱ ጥግ ወሰዳት።

"ምን አለሽ?"

"አርባ ዓመት ቆይተህ ዛሬ ጠየቅከኝ?"

"ምን አለሽ ነው የምልሽ!"

"'እኔ እዚህ አልነበርኩም እንዴ?' አለኝ።" ትኩር ብላ አየችው። "'ነበርክ' አልኩት። ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? እኔ ቤቱን እስከ በሩ ቀለም አልነገርኩህም?"

ነገሩ አንዴ ከተነሳ ያበጠው ይፈንዳ ብሎ፣ "ያኔስ? በመስታወቱ ምን ትባባሉ ነበር?" አላት።

"አይተኸን ነበር?"

"መኪናዬ በር ላይ ነው እኮ! ዕውር አይደለሁም።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ቀጥላ፣ "ይወደኝ ነበር" አለችው።

"አንቺስ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ማለት ስንት ነው?"

"ትንሽ ማለት ትንሽ ነው። ሜትር አውጥተህ ልትለካው ነው?" ብላ ተቆጣች። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንተ ሽማግሌ የላክህ ጊዜ የማላውቅህ ሰው ነበርክ፤ ቀና ብለህ እንኳ አታይም። እሱ በግድግዳው በኩል ሌት ተቀን ይሰማሃል። ስለዚህ እሱኑ ጠየቅኩት። 'ምን ዓይነት ሰው ነው?' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'ደንበኛ ሲሰድበው መልስ አይሰጥም' አለኝ። 'ከሄደ በኋላ ለመኪናው ይነግራታል፤ እሷንም ቢሆን አይሰድባትም' አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ 'አግቢው' አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ለሱ አዝኜ። ሊዋሽ ይችል ነበር እኮ።"

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ማፈሩ ግን ቅናቱን አላጠፋለትም። "ትንሽ" ያለችው ቃል እንደ ተሰበረ መርፌ ጎኑ ውስጥ ቀርታለች። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለው!

በዚህ መሀል መምህርቷ ነገሩ ገብቷት እየሮጠች መጣች፣ አንቴናን በእጁ እየሳበች።

"ውይ ጋሼ፣ የሳቸው ሱቅ ተረሳ እኮ! ምንም አይደለም፤ ዕድሜ ነው፣ ረስተው ነው። አይደለም?"

ሰው ሁሉ ወደነሱ ዞረ። የተከፈተለት በር ሰፊ ነበር፤ አዎ ብሎ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ይበቃው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች።

"አልረሳሁም" አለ ልብስ ሰፊው። "አውቄ ነው የተውኩት።"

አንቴና ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለለት።

"በምን አስቀየምኩህ፣ ጎረቤት?"

"በምንም። ቀንቼብህ ነው።"

"በኔ?" አንቴና የሳቀ መሰለ፤ ሳቁ ግን አልወጣለትም። "ምሳህን ይዛልህ ስትመጣ በግድግዳው በኩል ሳቃችሁን ስሰማ የኖርኩት እኔ፣ አንተ በኔ?"

ልብስ ሰፊው ወደ ጨርቁ ዞረ። ሰውየው የተናገረውን በድምፅ ነው የተናገረው፤ ሚስቱም ሰምታለች። ወደሷ ሊያይ ፈለገና ተወው። መምህርቷን መቀስ ለመናት፤ ከኮቱ ክሳድ ላይ መርፌውን ነቀለ። ጨርቁን ከግድግዳ አስወርዶ ወንበሮች ላይ ዘረጋውና ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለውን ስፌት ተረተረ።

"ፊቱ ስንት ሜትር ነበር?" ሲል ቀና ሳይል ጠየቀ።

አንቴና ወገቡን ለማቅናት ሞከረ። "ሦስት። ሦስት ሙሉ።"

ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። ልብስ ሰፊው ያን ግድግዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተደግፎበታል፤ የዓይኑ ልክ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። ለሁለት ሜትር ተኩል አምስት ጣት ነው። ስድስተኛዋ ጣት የምትቆረሰው ከትክክለኛው የራሱ ሱቅ ላይ፣ ምናልባትም ከዚያ ሁለት መስታወት ካለው መስኮት ላይ ነው።

በግራጫው ጨርቅ ላይ አምስት ጣት ቆጠረ። ጥቂት ቆየና ስድስተኛዋን ጨምሮ ቆረጠ።