ስምንተኛው ቀዳዳ

ሰባት ቀዳዳ ነው ያለችው እህቱ። አንዱን የበር እጀታ መትቶት፣ ሌላውን ቁምሳጥን ሲገፋ ነክቶት እያለች፣ ሰባቱንም በጣቷ እየጠቆመች አሳየችው። ጄሶ ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ቅንድቡን ከማይለቀው ነጭ ዱቄት ነው። የበር እጀታ አራት የጣት አንጓ እንደሌለው ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት አይፈጅም። ቡጢውን ጨብጦ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ቢከተው ልክክ አለ።

ወደ ባሏ ሊሄድ ዞረ። እህቱ ቀድማ ክንዱን ያዘችው።

“ወንድምዬ፣ በእናታችን መቃብር ማልልኝ። የቤቱ ገማች አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ግምቱ ካለቀ ባሌ ነገ ሽያጩ ላይ ይፈርማል፤ ድርሻዬን ይዤ፣ ሚጢጢን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። አንዲት ክፉ ቃል ከሰማ ግን እምቢ ይላል። አራት ወር የቻልኩት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።”

ማለላት። ምን ያድርግ?

አማቹ ሳሎን ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ስልኩን ይጎረጉራል። ጄሶ አራተኛውን ቀዳዳ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ቀና ብሎ አየው።

“እዚህ ጋ ጎብጧል። የሰው ቤትም እንዲህ ነው የምትሠራው?”

“ይስተካከላል።”

“አይዞህ፣ ሲደርቅ አይታይም። እህትህ ላይም እንደዚሁ ነው” ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ጄሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። የጣቶቹ ቆዳ እስኪላጥ ድረስ ግድግዳውን ፈገፈገው። ሰውዬውን አንቆ፣ ሲንፈራገጥ ማየት አማረው፤ እንዲህ ያለ ነገር አምሮት አያውቅም ነበር። መሐላውን አስቦ ወደ አምስተኛው ሄደ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቀረው የልጅቷ ክፍል ብቻ ነበር። ሚጢጢ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳለች። እዚያ ምንም ቀዳዳ የለም ብላው ነበር እህቱ። ግን ገማች አልጋ ጀርባ ሳያይ አይመለስም፤ ጄሶ ይህን ከብዙ ቤት ስላወቀ አልጋውን ሳብ አደረገው።

ዝቅ ብሎ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ስምንተኛው ነበር። እንደሌሎቹ አይደለም። አንጓ የለውም፣ ክብ ነው። ጠርዙ ላይ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች ተይዘው ቀርተዋል።

ቁጢጥ ብሎ ፀጉሮቹን አየ። ጮኾ ሊነሳ ሲል እህቱ ትዝ አለችው። ግማሽ ሰዓት ነው የቀራት። ይህን ካየች ያ ሁሉ ትዕግሥት በአንድ አፍታ ያልቃል። ጄሶውን በውሃ በጠበጠ። ዛሬ ይደፍነዋል፤ ነገ ከፈረመ በኋላ ይነግራታል፤ ከዚያ ሰውዬውን የሚያገኘው እሱ ነው።

“ምንድነው እሱ?” አለች እህቱ ከኋላው።

“የአልጋው ጠርዝ ነው የመታው። አንቺ ውጪ።”

አልወጣችም። ተንበርክካ ቀዳዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች።

“ከዥዋዥዌ ወደቅሁ ነው ያለችኝ” አለች። “ሦስት ሳምንት ሆናት። እኔም እብጠቷን ቅቤ ቀባሁላት።”

ከመሣሪያ ከረጢቱ መዶሻውን ስታነሳ ጄሶ አላያትም። ያየው ተከትሏት ሳሎን ሲደርስ ነው። አማቹ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር፤ መዶሻው መሐል ለመሐል አረፈበት። አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ። ሰውዬው እንደ በሬ አጓራና በግራ እጁ ፀጉሯን ጨምድዶ፣ ገና ያልደረቀው ልስን ላይ ፊቷን ላተማት።

መሐላው በነነ። ጄሶ አገጩን በቡጢ ብሎ ከጠረጴዛው ጋር ገለበጠው፤ ደረቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት። አፍንጫው ተሰበረ፣ አንድ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ እሱ ግን መምታቱን አላቆመም። ደስ አለው፤ በኋላም ቢሆን መደሰቱን አልካደም።

“በቃ፣ ልትገድለው ነው!” ብላ እህቱ አንገትጌውን ጎትታ አነሳችው።

በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ሜትሩን በእጁ ይዞ ደርቆ ቆሟል። ገማቹ ነው።

“ሌላ ቀን… ሌላ ቀን ብመለስ ይሻላል” አለ።

“አይሻልም፤ ይግቡ” አለች። ከቅንድቧ የሚወርደው ደም ከነጩ ጄሶ ጋር ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ደርሷል።

“አልፈርምም!” አለ ባሏ ከወለሉ፣ ደም እየተፋ። “ሞቼ ነው ይህ ቤት የሚሸጠው!”

ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ገማቹን እየመራች የልጅቷ ክፍል አስገባችው።

“ክፍሎቹን ፎቶ ያነሳሉ አይደል?”

“አዎ፣ ግን…”

“ይህን ያንሱልኝ። ቀን ይጻፉበት።”

ሰውዬው ጎንበስ አለ። ከልማዱ የተነሳ ይሆናል፣ ሜትሩን ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ዘረጋው። “ዘጠና ስምንት” አለ፤ ከዚያ አልጋውን አየ፣ ትንንሾቹን ጫማዎች አየ፣ ሜትሩንም ጠቀለለው። ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳው።

እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

“አራት ወር ለዚህ ቤት ዋጋ ብዬ ስቆይ፣ እሷን ስንት ገምቻት ነበር?” አለች።

ጄሶ የልጅቷን ጫማዎች ሰብስቦ ከመሣሪያዎቹ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ትምህርት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።