ግራው ካሞሽ፣ ቀኙ ሸራ

ጫማ ሻጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል። እሱም ከአክብሮት ነው ብሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ስለ ጫማ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ልጁ ስኬትቦርድ የሚባለውን ባለጎማ ሰሌዳ መንዳት እስክትጀምር ድረስ ማለት ነው።

«አባዬ፣ ለውድድሩ የካሞሽ ቆዳ ጫማ ላድርግ ሸራ? የቱ ይበረክታል?» አለችው አንድ ቀን። እስካሁን የስፖርት ጫማዎቿን ነበር ስትጨርስ የከረመችው።

«አንተ አይገባህም» እያለች ያደገች ልጅ ናት። ዛሬ እንዲህ ስትጠይቀው ሆዱ ባባ። «በጥናት ነው የምመልስልሽ» አላት ደረቱን ነፍቶ።

ከሱቁ የሴቶች መደርደሪያ ሁለት ጫማ ደብቆ አወጣ። የእሱ የጫማ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው፤ ቤተሰቡ ግን አርባ ሁለት እንደሆነ ነው የሚያውቀው። በግራ እግሩ ካሞሽ፣ በቀኙ ሸራ አጠለቀና የልጁን አሮጌ ሰሌዳ ይዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በፊት የሱቁ መኪና ማቆሚያ ላይ ተለማመደ። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ እኩል ሰዓት፤ ከዚህ ወዲያ ሳይንስ ከየት ይመጣል? ዘበኛው የመጀመሪያ ቀን ሮጦ አነሳው፤ በሦስተኛው ቀን ወንበር አምጥቶ ያየው ጀመር። ፕሮፌሰሩ ለመዝለል ያልሞከረበት ቀን የለም፤ ከመሬት የተነሳበትም ቀን የለም። እየወደቀ ግን መዘገበ፦ ሸራው ቀላል ነው፣ ሶሉ ስስ ስለሆነ ሰሌዳው እግር ሥር ይታወቃል፤ ካሞሹ እግር ያቅፋል፣ መጀመሪያ ላይ ግን ጣት ይጨብጣል። መቀመጫው የደረሰበትን አልመዘገበም። በመጨረሻ ካሞሹ ትንሿ ጣት ጋ ተበሳ፤ ሸራው ምንም አልሆነ።

«ሸራ!» ብሎ ፈረደ። አመነችው።

በውድድሩ ቀን፣ ለሚጠይቀው ሁሉ ጥናቱን ሊያስረዳ ሁለቱን ጫማዎች እንዳደረገ ሄደ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ልጁ እያነከሰች መጣች። የግራ ሸራዋ ጎኑ ተተርትሮ ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ ታያለች። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

የአባቷን እግር አየች። «ስትሞክር የትኛው እግርህ ነበር ከፊት?»

«ግራዬ፤ እንዳንቺ።»

«አባዬ! ስንዘል ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍገው የፊት እግር ብቻ ነው እኮ! የኋላው ምን ሠርቶ ይበሳል?»

ፕሮፌሰሩ አጎንብሶ የተበሳውን ካሞሽ አየ። አንዴ ብታምነው ጉድ ሠራት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አውልቀው» አለችው።

«ምኑን?»

«ካሞሹን። አንተን ሁለት ሳምንት ከቻለ እኔን አንድ ዙር ይችላል። ለስፋቱ ካልሲ እጠቀጥቅበታለሁ።»

ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ካልሲ አያስፈልገውም። ሠላሳ ስምንት ነው።»

ልጅቷ አጠለቀችው፤ ልክክ አለ። ቀና ብላ አየችው። «አርባ ሁለት?»

«ሂጂ ባክሽ፣ ስምሽ እየተጠራ ነው።»

እየሳቀች ሮጠች። እሱ በአንድ ካልሲ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ እግሩን እያየው ነበር፤ ግድ አልሰጠውም። ልጁ ግራ ካሞሽ፣ ቀኝ ሸራ አድርጋ እየተንደረደረች መጣች፣ ሰሌዳውን ረገጠችው፣ ያ የተበሳ ጫማም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሳ።