የኦቦ ገቢሳ ሰላጣ

ኦቦ ገቢሳ ከወንበራቸው ሲንሸራተቱ እንቁ ጭልፋውን ሽሮ ድስቱ ውስጥ ጥላ ሮጠች። ላብ ሸሚዛቸውን ከደረታቸው ጋር አጣብቆታል። ከአፋቸው ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ምላሳቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል።

"ጂቱ፣ ቦጂያን ጥሪው። ባጃጁን ያምጣ" አለች።

አብራት የምታበስለው ጂቱ በጓሮ በር ብቅ አለች። እሷም ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከምሳ ወዲህ ሁለቴ አስመልሷታል። ስልኳን አነሳች።

"ስኳራቸው ወርዶ ነው" አለ ከተመጋቢዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌውን ከወለሉ ላይ እየደገፈ። "ለስላሳ አጠጧቸው።"

እንቁም ስኳር ነው ብላ ብታምን ደስ ባላት። ዓይኗ ግን ከጠረጴዛው ላይ አልነሣ አለ። እንጀራው ገና አልተነካም። የሰላጣው ሳህን ባዶ ነው።

ምግብ ቤቷ ከአምቦ መናኸሪያ ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ የመኖሪያ ቤቷ የፊተኛዋ ክፍል ናት፤ አምስት ጠረጴዛ ታስገባለች። ጓሮው ግን ሰፊ ነው፤ ላለፉት ስምንት ዓመታት ምግብ ቤቱን የያዘውም እሱ ነው። ሰኔ ሲገባ ድንች ትተክላለች። ነሐሴ ላይ ውሃው ተኝቶ የጎመኑን ሥር እንዳያበሰብሰው በዝናብ መሐል ቦይ ትቆፍራለች። መስከረም ድንቹን ታወጣና በቦታው ካሮትና ቀይ ሥር ትዘራለች። ጥቅምት ላይ ውርጭ እንዳይመታው ችግኙን ማታ ማታ ገለባ ታለብሰዋለች። ከታኅሣሥ ወዲያ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ አትክልት ያጠበችበትን ውሃ በባልዲ እያመላለሰች ታጠጣለች። ወገቧ ቀና ብሎላት አያውቅም።

ሰዉም ይህን ያውቃል። ኦቦ ገቢሳ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያውቁታል። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡና ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሁዳዴ ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጡና ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሐኪም እንጀራ ቀንሱ፣ ቅጠል አብዙ ስላላቸው ሰላጣ በሎሚ ትሠራላቸዋለች።

"ኢንታላ ኮ" ይሏታል፣ ልጄ እንደማለት፣ "የአንቺን ቅጠል ያለ ሐሳብ ነው የምበላው።"

ዘንድሮ የካቲት ላይ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ገባ። መጀመሪያ ከጎመኑ ቅጠል ሥር እንደ ዱቄት ነጣ ብሎ ታየ፤ በሳምንቱ አጠገቡ ያለውን ሰላጣ ወረረ። እንቁ አመድ ነሰነሰች። የሳሙና ውሃ ረጨች። ቃሪያ ደቁሳ ዘፍዝፋ ሞከረች። ክሽክሹ አልለቀቀም። በዚያው ሰሞን መንገድ ተዘግቶ የሰነበተ በመሆኑ ገበያው ላይ አንድ እስር ጎመን የሚቀመስ አልሆነም። ሁዳዴ ደግሞ የዓመቱ ዋና ገበያዋ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው መድኃኒቱን በትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ሸጠላት። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት የለውም።

"አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ" አላት። "ከረጨሽ በኋላ ሁለት ሳምንት እንዳትነኪው።"

እሷ ሦስት ክዳን አደረገች። ሰኞ ረጨች። ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ስትገባ ክሽክሹ ረግፏል፤ ሰላጣው አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ገበያ ወርዳ በባዶ ዘንቢል ተመለሰች። ቢላዋ አንስታ ጥቂት ራስ ቆረጠች፣ ሁለቴ አጠበችው። ሁለቴ አጥቤዋለሁ እያለችም ለራሷ ደጋግማ ነገረች። ኦቦ ገቢሳ የመጀመሪያውን ሳህን ጨርሰው "ዛሬስ ለስልሷል" ሲሏት ደስ ብሏት ጨመረችላቸው።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንድ ወጣት ሐኪም የሽማግሌውን ዓይን በባትሪ አየና ነርሷን ተጣራ። መርፌ ተወጉ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ ወደ እንቁና ወደ ባሏ ወደ ቦጂያ መጣ።

"የዓይናቸው ብሌን ጠቧል። ይሄ የተባይ መድኃኒት ነው" አለ። "ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

"ብቻቸውን" አለ ቦጂያ።

"ሰሞኑን የከፋቸው ነገር ነበር?"

"ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዝም ያሉ ሰው ናቸው።"

ሐኪሙ ጻፈ። "የበሉትስ ነገር?"

ቦጂያ ሚስቱን አያት። ሰኞ ዕለት መርጫውን ከጎረቤት የተዋሰላት እሱ ነው።

"ሽሮ" አለች እንቁ። "ሁላችንም የበላነውን።"

ሐኪሙ ይህንንም ጻፈ። ኦቦ ገቢሳ ዓርብ ረፋድ ላይ አረፉ።

እንቁ ከሆስፒታል ተመልሳ ጓሮ ገባች። ሰላጣውንም ጎመኑንም ከነሥሩ ትነቅል ጀመር። ቦጂያ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

"ለሐኪሙ መናገር ነበረብኝ" አለች ቀና ሳትል።

"ብትናገሪ ይተርፉ ነበር? መርዝ መሆኑን አውቀው ነው ያከሟቸው።"

"አላውቅም።"

"እኔ ግን አውቃለሁ። ቤቱ ይዘጋል። አንቺ ትታሰሪያለሽ። በእኔ ባጃጅ ብቻ ሁለት ልጅ አይማርም።" ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። "ማንም አንቺን አልጠየቀም፣ እንቁ። ዝም በይ፣ ማሎ፣ እባክሽ።"

የነቀለችውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቀች፤ ከብት እንዳይበላው አፉን አሰረችው። እጇን ታጠበች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ለቅሶ ሄደች።

ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው ግን ጥቂት ነው። የኦቦ ገቢሳ ልጅ ሮዛ ከጊንጪ ደርሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እንቁ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ወዲያው ቤተ ክርስቲያን ተልከው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ተመለሱ። አንደኛው ሮዛ ፊት በርከክ አለ።

"ልጄ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት መርዝ ይላል" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካህኑ፣ 'ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም' አሉን። ነገሩ እስኪጣራ ጠብቁ ብለዋል።"

"ነገ አይቀበርም?"

"ይቀበራል። ያለ ፍትሐት ከሆነ ግን…" ሽማግሌው ተነሣ።

ሮዛ አላለቀሰችም። ሽማግሌው ከሄደ በኋላ የእንቁን እጅ ያዘች።

"ረቡዕ ደውሎልኝ ነበር" አለች። "'ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በግ እንዳትገዙ፣ ካቺሲ ያለው ወንድሜ ይልክልኛል' አለ። ለልጄ ደብተር መግዛቱንም ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው በማግስቱ መርዝ ይጠጣል? ባሌ፣ 'ብቻውን ትተሽው ነው' አለኝ። እኔ እንጃ። በየቀኑ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ምን ከፋው?"

"ምንም አልከፋቸውም።"

"ታዲያ?"

የሮዛ እጅ ይሞቅ ነበር። እንቁ ልጆቿን አሰበች፤ አምስቱን ጠረጴዛዎች፣ ጂቱን፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ተሰልፈው የምታያቸውን ሴቶች አሰበች። ከዚያ ኦቦ ገቢሳ "ዛሬስ ለስልሷል" ሲሉ አየቻቸው።

"አልጠጡም" አለች። "እኔ ነኝ ያበላኋቸው። ጓሮዬን መድኃኒት ረጨሁት። ሁለት ሳምንት ቆዪ ተብዬ በሦስተኛው ቀን ሰላጣውን ቆረጥኩት። አንድ ሳህን ጨርሰው ሌላ ጨመርኩላቸው።"

ሮዛ እጇን ቀስ ብላ ሳበች፣ በሌላው እጇ ያዘችው።

"ሐኪሙ ሲጠይቅ እዚያ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ዝም አልሽ።"

"ዋሸሁ። ሽሮ ነው አልኩት።"

ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመዋል። ሮዛ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብላ እንቁ ጠበቀች። ሁለቱም አልሆነም፤ ሮዛ ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

"ካህኑ ጋ እሄዳለሁ" አለች እንቁ ተነሥታ። "በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።"

ቦጂያ ባጃጁን ከደጅ አቁሞ እየጠበቃት ነበር። ስትወጣ መጋረጃውን ገለጠላት።

"ቤት?" አላት።

"ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።"

ሞተሩን አላስነሣም። መሪውን ይዞ መንገዱን ያያል። "ልጆቹን አስቢ" አለ በመጨረሻ።

"አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። አንተ አምጣቸው። ጂቱን ደግሞ ሐኪም ቤት አድርሳት፤ ሰላጣውን ቀምሳለች። ምን እንደቀመሰች ንገራቸው፣ እንዳትደብቅ።"

ቦጂያ አሁንም ሞተሩን አላስነሣም። እንቁ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ የባጃጁን መጋረጃ መልሳ ዘጋችና ዳገቱን በእግሯ ያዘችው።